ምን በድዬው ነው? የአእምሮ ሕመም መንስኤ የሚታወቅባቸው መንገዶች

ልጇ ስኪዞፍሬንያ (ሐሳብንና የእውነታን ግንዛቤ የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም) እንዳለበት የተነገራት እናት ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱን ስም እንኳ ሳትጠይቅ «ምን በድዬው ነው?» ትላለች። ጥያቄው አንዳንዴ በድምፅ ይወጣል፤ አንዳንዴም ሐኪሙ እየተናገረ ሳለ ዓመታትን ወደ ኋላ ስትቆጥር ፊቷ ላይ ይነበባል። በእርግዝናዋ ወቅት ክፉኛ ያዘነችበትን ቀን፣ ልጁ በሕፃንነቱ የወደቀበትን ደረጃ፣ ከአባቱ ጋር የተጣሉበትን ሌሊት አንድ በአንድ ታነሣለች። ዘመድም የየራሱ መልስ አለው፦ ትምህርት አብዝቶ ነው፣ የከዳችው ልጅ ናት፣ ጓደኞቹ ናቸው። ሁሉም የሚፈልገው ጣት የሚቀሰርበት አንድ መንስኤ ነው። ሥነ ልቦና ስለ መንስኤ ለመናገር ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚጠይቅና ማስረጃውን እንዴት እንደሚሰበስብ ማወቅ የተማሪዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ እኔ ግን ለዚህች እናት የሚሰጠው መልስ እውነት ወይም በደል የሚሆነው እዚሁ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ማጋነን አለመሆኑን፣ ከልጅነት ጀምሮ ከሰው ጋር መግባባትን የሚነካው የኦቲዝም ታሪክ ያሳያል። የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ 11 ልጆች ባቀረበው ጽሑፍ የልጆቹን ጠባይ በጥንቃቄ ገልጾ፣ ከወላጆቻቸው መካከል ሞቅ ያለ ስሜት የሚታይባቸው ጥቂቶች መሆናቸውንም ጠቅሶ ነበር። ከዚህች አስተያየት ተነሥቶ «እንደ ማቀዝቀዣ የቀዘቀዙ እናቶች» የሚለው ሐሳብ አደገ፤ በተለይ ብሩኖ ቤተልሃይም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አስፋፋውና ልጁን ለኦቲዝም የዳረገው የእናቱ ፍቅር ማጣት ነው የሚለው አባባል እንደ እውቀት ተቆጠረ። ብዙ እናቶች በዚህ ፍርድ ሥር ኖረዋል። በአስተያየቱ ውስጥ የነበረው ስሕተት ግን ከዛሬ ቆም ብለን ስናየው ግልጽ ነው። በመጀመሪያ፣ ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆች እናቶች በተመሳሳይ ዓይን ታይተው አልተነጻጸሩም። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ፣ እናቲቱ የታየችው ስሟን ከማይጠራላት፣ ስታቅፈውም ከማይታቀፍላት ልጅ ጋር ዓመታት ከቆየች በኋላ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቅዝቃዜ የተባለው ነገር ቢኖር እንኳ ከልጁ ሁኔታ በፊት ይምጣ ወይስ በኋላ ማንም አላረጋገጠም።

በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለ፣ እርሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን አመለካከት ፊት ለፊት ተቃወመ። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር ቢያንስ አንዳቸው ኦቲዝም ያለበትን 21 ጥንድ መንትዮች መረመሩ። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱ አልተያዙም። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች በአንድ እናት እጅ ያደጉ ናቸው፤ የሚለያዩት በሚጋሩት ዘረመል መጠን ነው። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ሆኖም ጥያቄው የተጠየቀበት መንገድ ትክክል ስለነበር፣ ለዓመታት በእናቶች ላይ የተጫነውን ክስ ማንቀሳቀስ ቻለ።

እንግዲህ የአንድን ሰው ወይም የጥቂት ሰዎችን ታሪክ በጥልቀት መመርመር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የካነር ገለጻ ባይኖር ኦቲዝምን ለይቶ ለማጥናት መነሻ አይኖርም ነበር። እንዲህ ያለው የግለሰብ ጥናት ያልታየን ነገር ያሳያል፣ ጥያቄ ይወልዳል፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» የሚል ደንብን በአንድ ተቃራኒ ምሳሌ ያፈርሳል። ስለ መንስኤ ሲሆን ግን ጉልበት የለውም። በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የወጣ ጽሑፍ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያያዘ፤ ክትባቱ የሚሰጠውና የኦቲዝም ምልክት ጎልቶ የሚታየው በተቀራራቢ ዕድሜ ስለሆነ ለወላጆች የሚታመን መሰለ። በ2002 የዴንማርክ ተመራማሪዎች የ537,303 ልጆችን መዝገብ አይተው፣ የተከተቡትና ያልተከተቡት በኦቲዝም የመያዝ ዕድላቸው እንደማይለያይ አሳዩ። የ1998ቱ ጽሑፍም በ2010 በታተመበት መጽሔት ተሰረዘ። በመካከሉ ብዙ ልጆች ሳይከተቡ ቀርተዋል።

ከግለሰብ ታሪክ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ተዛምዶን መለካት ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ከፍና ዝቅ ይላሉ ወይ የሚለውን ከ−1 እስከ +1 ባለ ቁጥር መግለጽ ይቻላል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ዝምድናው ደካማ ነው፣ ወደ ጫፎቹ ሲጠጋ ጠንካራ ነው። ቁጥሩ የዝምድናውን ጥንካሬ ይናገራል እንጂ አቅጣጫውን፣ ማለትም የቱ የቱን እንዳመጣ አይናገርም። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አምጥቶ ይሆናል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አምጥቶ ይሆናል፤ ወይም ያልታየ ሦስተኛ ነገር ሁለቱንም አስከትሎ ይሆናል። ይህን ሁሉም ተማሪ በቃሉ ይይዘዋል፤ ነገር ግን በተግባር ምን ያህል እንደሚፈትን የሚያሳየው የድህነትና የአእምሮ ሕመም ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ1939 ሮበርት ፋሪስና ዋረን ደንሃም በቺካጎ ባደረጉት ጥናት፣ በስኪዞፍሬንያ ሆስፒታል ከገቡት ሰዎች ብዙዎቹ ከመሐል ከተማው ድሃ ሰፈሮች የመጡ ሆነው ተገኙ። የመጀመሪያው ትርጓሜ ድህነቱና ብቸኝነቱ ሰዎቹን አሳመማቸው የሚል ነው። ሌላኛው ደግሞ ሕመሙ ሥራቸውንና ትዳራቸውን አሳጥቶ ወደ ድሃ ሰፈር አወረዳቸው ይላል። ሁለቱም ከአንድ ካርታ ላይ እኩል ይነበባሉ፤ ካርታው ሊለያቸው አይችልም። በ1963 እንግሊዝ ውስጥ ጎልድበርግና ሞሪሰን አንድ ብልኅ ነገር አደረጉ፦ የታማሚዎቹን ሥራ ትተው የአባቶቻቸውን ሥራ ተመለከቱ። ልጆቹ ዝቅተኛ ሥራ ላይ ቢገኙም የአባቶቻቸው የኑሮ ደረጃ ግን ከጠቅላላው ሕዝብ ብዙም የተለየ አልነበረም። ስለዚህ ቢያንስ በስኪዞፍሬንያ ረገድ፣ ሕመሙ ሰውን ወደ ታች እንደሚያወርድ ጠንካራ ማስረጃ ተገኘ።

ይህ መልስ ግን ለሁሉም ሕመም አይሠራም፤ ይህን ያሳየው ደግሞ ማንም ያላቀደው አጋጣሚ ነው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ በግሬት ስሞኪ ተራሮች አካባቢ ጄን ኮስቴሎና ባልደረቦቿ ከ1993 ጀምሮ 1,420 ልጆችን በየጊዜው ይመረምሩ ነበር፤ ሩብ ያህሎቹ ከቀደምት የአሜሪካ ሕዝቦች ወገን ነበሩ። ጥናቱ በመካሄድ ላይ ሳለ በ1996 ከእነዚሁ ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በቼሮኪዎች ይዞታ ላይ ካዚኖ (የቁማር ቤት) ተከፈተና ከትርፉ ለእያንዳንዱ የማኅበረሰቡ አባል በየስድስት ወሩ ገንዘብ ይከፋፈል ጀመር። ገንዘቡን ለማግኘት መጎበዝም ሆነ ጤነኛ መሆን አያስፈልግም፤ የማኅበረሰቡ አባል መሆን ይበቃል። በዚህ ምክንያት ከድህነት የወጡት ቤተሰቦች ከሌሎቹ የተሻለ ጠባይ ስላላቸው ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ሆነ። ከድህነት በወጡት ቤት የነበሩ ልጆች እምቢተኝነታቸውና ሕግ መጣሳቸው ቀንሶ ፈጽሞ ድሃ ካልነበሩት ልጆች ደረጃ ደረሰ። የጭንቀትና የድባቴ (ዲፕሬሽን) ምልክቶች ግን ብዙ አልተለወጡም። እንዴት ሆነ ተብሎ ሲመረመር ደግሞ አንዱ መንገድ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመከታተል ጊዜ ማግኘታቸው ሆኖ ተገኘ። ከሥነ ልቦና ጥናቶች ሁሉ ይህን የምወደው ለዚህ ነው፤ «ድህነት ያሳምማል» የሚለውን ጥቅል አባባል የትኛውን ሕመም፣ በየት በኩል ወደሚል ጥያቄ አውርዶታል።

ሌላው የስሕተት በር የሚጠናው ሰው ማን ነው የሚለው ነው። በክሊኒክ የሚታዩ ሰዎች ሕመሙ ያለባቸውን ሁሉ አይወክሉም፤ ሕመማቸው የጠናና የቆየ፣ ሌላም ሕመም የተደረበባቸው ይበዛሉ። አንድ ሐኪም ቀኑን ሙሉ የሚያየው እነርሱን ስለሆነ በሽታው ከእውነቱ ይልቅ ተስፋ የሌለው መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ቶሎ የተሻላቸው ተመልሰው አይመጡምና። ከዚህ ጋር የሚሄደው ደግሞ የትዝታ ችግር ነው። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ የአሁኑ ሐዘን ያለፈውን ያጠቁረዋል፤ ደህና የሆነው ደግሞ የደረሰበትን ይረሳል ወይም ይቀንሰዋል። በልጅነት ስለደረሰ በደል በጊዜው የተመዘገበውና ካደጉ በኋላ የተነገረው ምን ያህል እንደሚገጥሙ ሲታይ፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎችን የሚያመለክቱ ሆነው ተገኝተዋል።

መፍትሔው ሕመሙ ሳይመጣ ቀድሞ መጀመር ነው። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆች ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ እስከ ጉልምስና በየጊዜው እየተጠሩ ይመረመራሉ፤ በ38 ዓመታቸው እንኳ በሕይወት ካሉት ከ10 ዘጠኝ በላይ የሆኑት ተገኝተዋል። እንዲህ ዓይነት ጥናት ውድ ነው፣ ዕድሜ ይፈጃል፤ የቱ ቀደመ ለሚለው ጥያቄ ግን ከማንም ትዝታ ይልቅ ይታመናል።

ሁሉንም አማራጭ ማብራሪያ በአንድ ጊዜ የሚዘጋው መንገድ ሙከራ ነው። የሙከራ ልቡ ዕጣ ነው። ሰዎች ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ቡድን በዕጣ ሲመደቡ፣ የምናውቃቸውም የማናውቃቸውም ልዩነቶች በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይከፋፈላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት ተመራማሪው ካደረገው ነገር የመጣ ነው ለማለት እንችላለን። በመድኃኒት ሙከራ አንዱ ቡድን እውነተኛውን፣ ሌላው መልኩ ያንኑ የሚመስል ባዶ እንክብል የሚወስደውና ሰጪውም ተቀባዩም የትኛው እንደሆነ እንዳያውቁ የሚደረገው፣ ተስፋ ብቻውን ሰውን ሊያሻሽል ስለሚችል ነው።

ነገር ግን ሰው ለማሳመም ዕጣ አይጣልም፤ የመንስኤ ጥናት ትልቁ እንቅፋት ይህ ነው፣ እንቅፋት ሆኖም መቅረት አለበት። ተመራማሪዎች በዙሪያው የሚሄዱባቸው መንገዶች አሉ። አንዱ እንስሳትን ማጥናት ነው። ሱዛን ሚኔካና ባልደረቦቿ በቤተ ሙከራ ያደጉ፣ እባብ የማይፈሩ ዝንጀሮዎችን ወስደው፣ ሌላ ዝንጀሮ ሲፈራ የሚታይበትን ቪዲዮ አሳዩአቸው። ፊልሙ ተቆራርጦ ተቀጥሏል፦ በአንዱ ቅጂ ዝንጀሮው የሚሸሸው ከአሻንጉሊት እባብ ነው፤ በሌላኛው ያው ሽሽት ከአበባ ፊት ይታያል። ተመልካቾቹ ዝንጀሮዎች እባቡን መፍራት ተማሩ፤ አበባውን ግን አልፈሩም። ፍርሃት በማየት ብቻ ሊያዝ እንደሚችልና አእምሮ አንዳንዱን ፍርሃት ለመማር ይበልጥ ዝግጁ እንደሆነ በአንድ ሙከራ ታየ።

ሌላው መንገድ ጉዳትን ሳይሆን እርዳታን በዕጣ ማከፋፈል ነው። በሩማንያ ዋና ከተማ ቡካሬስት በዚህ ምዕተ ዓመት መባቻ በማሳደጊያ ተቋማት ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለዚሁ ጥናት ተብሎ በተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተሰቦች እጅ ገቡ፤ ሌሎቹ የተለመደው እንክብካቤ ቀጠለላቸው። በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ሲታዩ የጭንቀትና የድባቴ ዓይነት መታወክ በቤተሰብ እጅ ባደጉት ላይ በግማሽ ያህል አንሶ ነበር፤ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ መታወክ ግን አልቀነሰም። በተቋም የቀሩትን ልጆች በማሰብ የጥናቱ ሥነ ምግባር ብዙ አከራክሯል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። በጊዜው በከተማይቱ ለእነዚህ ልጆች የሚበቃ የአሳዳጊ ቤተሰብ ሥርዓት አለመኖሩ፣ ዕጣውም ማንንም ከነበረበት ወደ ባሰ አለመውሰዱ ለጥናቱ መከላከያ ሆኖ ይቀርባል።

ስለ መንስኤ ስንናገር ዘወትር የሚያሳስተን አንድ አቋራጭ አለ፤ እርሱም ከመድኃኒቱ ተነሥቶ በሽታውን መገመት ነው። አስፕሪን ራስ ምታትን ያስታግሳል፤ ራስ ምታት ግን የአስፕሪን እጥረት አይደለም። ሴሮቶኒን በተባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች ለብዙ ሰዎች ድባቴን ማቅለላቸው፣ ድባቴ የሴሮቶኒን ማነስ ነው ለማለት አይበቃም፤ ማስረጃዎቹ ተሰብስበው ሲገመገሙም ይህን ቀላል ሥዕል አልደገፉም። መድኃኒቱ ይጠቅማል ወይ የሚለውና ሕመሙ ከምን መጣ የሚለው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ መድኃኒቱ የጠቀመው ሰው የሕመሙ መንስኤ አለመታወቁን መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት ሊያደርገው አይገባም።

አንድ መንስኤ ፈልጎ ማግኘት የተሳካበት ጊዜ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የአእምሮ ሆስፒታሎችን ከሞሉት ታማሚዎች መካከል ታላቅ ነኝ የሚል ቅዠት፣ ከዚያም የመርሳት፣ የመሽመድመድና የሞት ዕጣ የሚደርስባቸው ብዙ ነበሩ። በ1913 ሂዴዮ ኖጉቺና ጆሴፍ ሙር በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ የቂጥኝን ተሕዋስ አገኙ፤ ፔኒሲሊን ሲመጣ ደግሞ በሽታው ከሆስፒታሎቹ ጠፋ ለማለት የሚያስደፍር ደረጃ ላይ ደረሰ። ይህ ድል ለእያንዳንዱ የአእምሮ ሕመም አንድ ተሕዋስ ወይም አንድ የአንጎል ቁስል ይገኛል የሚል ተስፋ ፈጠረ። ተስፋው በአብዛኛው አልተፈጸመም።

ስኪዞፍሬንያን እንውሰድ። በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ በዕድሜ ዘመኑ የሚያዘው ሰው ከ100 አንድ ገደማ ነው። በቆዩት የአውሮፓ ጥናቶች ድምር መሠረት፣ አንዱ ከታመመ ከአንድ እንቁላል የተገኘው መንትያው የመታመም ዕድሉ 48 በመቶ ያህል፣ ከሁለት እንቁላል ከተገኘ ደግሞ 17 በመቶ ያህል ነው፤ በ2018 የወጣው የዴንማርክ ጥናት 33 እና 7 በመቶ አግኝቷል። ቁጥሮቹ ቢለያዩም ሁለቱም የዘረመልን ድርሻ ያመለክታሉ። መንትዮች ቤትም ይጋራሉ የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ የማደጎ ጥናት መልስ ይሰጣል፦ ሊዮናርድ ሄስተን በ1966 ባወጣው ሥራ፣ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው እናቶች ተወልደው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተለዩት 47 ልጆች 5ቱ ካደጉ በኋላ ታመሙ፤ እናቶቻቸው ሕመሙ ከሌለባቸው፣ ተመሳሳይ አስተዳደግ ካገኙት 50 ግን አንድም አልታመመም። ይሁንና ዘረመል ሲባል አንድ የተበላሸ ዘር ማለት አይደለም። በ2022 የታተመው ትልቅ ጥናት ከሕመሙ ጋር የሚያያዙ 287 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኘ መንትያው ከታመመበት ሰው መካከል ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው፣ ያንኑ ዘረመል ይዞ ሳይታመም መኖሩንም አንርሳ።

ፖል ሚል በ1962 ለዚህ ማሰቢያ መንገድ አቀረበ፦ ሰው ተጋላጭነትን ይወርሳል፣ ሕመሙ የሚገለጠው ግን ተጋላጭነቱ ከኑሮ ጫና ጋር ሲገናኝ ነው። ተጋላጭነቱ የበዛበት ሰው ትንሽ ጫና ይበቃዋል፤ ያነሰበት ከባድ መከራ ተሸክሞም ላይታመም ይችላል። ጫና የምንለውም ከእናት ማኅፀን ሊጀምር ይችላል፦ ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ጀርመኖች በከለከሉት ምግብ በኔዘርላንድ ከተሞች ጽኑ ረሃብ ሲደርስ፣ በረሃቡ ክፉ ወራት የተፀነሱት ካደጉ በኋላ በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ያህል ጨመረ።

ሐሳቡ ውብ ስለሆነ በቀላሉ ያታልላል። በ2003 አቭሻሎም ካስፒና ባልደረቦቹ ከዱኒዲን ጥናት 847 ሰዎችን ወስደው፣ የሴሮቶኒንን እንቅስቃሴ የሚመራ አንድ ዘር አጭር ቅጂ ያላቸው ሰዎች መከራ ሲደርስባቸው ይበልጥ ለድባቴ እንደሚጋለጡ ዘገቡ። ግኝቱ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። በ2019 ግን ከ62,000 እስከ 443,000 በሚደርሱ ሰዎች መረጃ ሲፈተሽ ዝምድናው አልተገኘም። አንድ ጥናት ሲደገም ካልቆመ፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ልንይዘው አይገባም። የተጋላጭነትና የጫና መገናኘት እውነት ሆኖ ሳለ፣ ያ አንድ ዘር ግን የተባለለትን ያህል አልነበረም።

አሁን ወደ እናቲቱ እንመለስ። አስተዳደጓ ልጇን ለስኪዞፍሬንያ እንዳልዳረገው ልንነግራት እንችላለን፤ ይህ ማለት ግን ቤተሰብ ምንም ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም፤ ሕመምን የሚያመጣው አንድ ነገር፣ ሕመሙ እንዲመላለስ የሚያደርገው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና። በእንግሊዝ የተደረጉ ጥናቶች፣ ትችትና ከልክ ያለፈ መጨነቅ ወደበዛበት ቤት የተመለሱ ታማሚዎች ይበልጥ እንደሚያገረሽባቸው አሳይተው ነበር። ይህም እንደገና ተዛምዶ ነው፤ ሕመሙ የጠናበት ሰው የቤተሰቡን ትዕግሥት አሟጦ ይሆናልና የድሮው ክስ በሌላ ስም ሊመለስ ይችል ነበር። ጁሊያን ሌፍና ባልደረቦቹ በ1982 ባወጡት ሙከራ ነገሩን በዕጣ ፈተኑት። መድኃኒታቸውን ከሚወስዱ 24 ታማሚዎች የ12ቱ ቤተሰቦች ስለ ሕመሙ ተማሩ፣ ከሌሎች ተመሳሳይ ቤተሰቦች ጋር ተገናኝተው ተመካከሩ፣ በቤታቸውም ተጎበኙ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ከተለመደው ሕክምና በቀር ምንም ካልተጨመረላቸው 12 ሰዎች 6ቱ አገረሸባቸው፤ ቤተሰባቸው ድጋፍ ካገኘው መካከል ግን 1 ብቻ።